ያደገው ቀሚስ

ጥቅምት 12

እትዬ፣

ጤናሽን ከመጠየቄ በፊት ወደ ወቀሳሽ ልግባ፤ «ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠሪ ነበር?» ብለሻል። ቤት ሳራግፍ ነበር። ልደውል ብል ጆሮሽ እንቢ ብሎ እየተጯጯህን ጎረቤት እናስቃለን፤ ስለዚህ እጄ ነጻ እስኪሆን ጠበቅኩ። ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ቅባቱን ትቀቢያለሽ ወይስ ስንት ዘመን ነርስ ሆኜ ማን ያክመኛል ብለሽ ትተሽዋል?

አዎ፣ የሰማሽው እውነት ነው፤ ቤቱ ሊሸጥ ነው። ገዢዎቹ ባልና ሚስት አስተማሪዎች ናቸው፤ ደግ ሰዎች ይመስላሉ። በታኅሣሥ መጨረሻ ቁልፉን አስረክቤ ድንቡሼ ዘንድ እገባለሁ። ድንቡሼ ብዬ ስጠራው ሚስቱ ትስቃለች፤ እውነቷን ነው፣ የዛሬው ልጄ መቃ ነው። ትልቋ ከመድኃኒት ቤቷ እየደወለች «እማዬ፣ ሁሉንም ጣዪው» ትላለች። ድንቡሼ ደግሞ «አንዱንም እንዳትጥዪ» ይላል፤ ግን መጥቶ አንዲት ነገር አይወስድም። እኔ በሁለቱ መሀል ወለል ላይ ተቀምጬ ያልተጣለም ያልተቀመጠም ክምር እጠብቃለሁ።

ያላገኘሁት የለም እኮ። የትልቋ የወተት ጥርሶች በክብሪት ቤት ውስጥ አሉ፤ ስነቀንቀው ይንኳኳል። የድንቡሼ የብይ ከረጢት አለ፤ አንድ ዓይኗ የወለቀ አሻንጉሊት አለች፤ አንቺ ከሆስፒታል ታመጪላቸው የነበረው መርፌ የሌለው ስሪንጅ አለ፤ በእሱ ውሃ እየተረጫጩ ግድግዳዬን ያበላሹበት። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ እስቃለሁ፣ ከዚያ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ አቧራው ያስነጥሰኛል።

ትናንት የኋለኛው ክፍል ውስጥ ያለውን የቆርቆሮ ሣጥን ከፈትኩ። የሚጢን። በአራት ዓመቷ ያ ትኩሳት ከወሰደብን ወዲህ ያልተከፈተውን።

ቢጫ ቀሚሷን ታስታውሻለሽ። እንደ ሁሉም ልጆቼ ቀሚስ ከታች እጥፍ በእጥፍ አድርጌ የሰፋሁላት፣ በየልደቷ አንዱን እጥፍ ተርትሬ ላስረዝመው ያሰብኩት። አባታቸው «ይኼ ቀሚስ ከልጅቷ ጋር ነው የሚያድገው» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ሚጢ ስትሞት እጥፉ እንዳለ ነበር፤ አንዱም አልተፈታም። በገዛ እጄ ነው አጣጥፌ ያስቀመጥኩት።

እጥፉ የለም እትዬ። ሁሉም ተፈቷል። በአንድ ቀን የተፈታም አይደለም፤ የየእጥፉ መስመር ጨርቁ ላይ ይታያል፤ የላይኛው ደብዝዟል፣ ወደ ታች ሲሄድ እየጠራ ይመጣል። ከዚያም በታች ሌላ ጨርቅ የተቀጠለበት መሰለኝ። ሳልዘረጋው መልሼ ዘጋሁት።

በዚያ ቤት ከእኔ ሌላ ትልቅ ሴት የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺ ነሽ ያደረግሽው? ብትሆኚ አልቆጣም። ብቻ ንገሪኝ።

ታናሽሽ

ጥቅምት 23

አንቺ ልጅ፣

ጉልበቴ ደህና ነው። የሚያመኝ ደረጃ ሳይ ብቻ ነው፤ ለዚያ ብዬ ደረጃ የሌለበት ቤት ተከራይቻለሁ። ቅባቱን እቀባለሁ፤ ይሸታል እንጂ አይረዳም።

ስለ ዕቃው ላማክርሽ። ጥርሶቹን ለትልቋ በፖስታ ላኪላት፤ ከፍታ ትደንግጥ። ብዩን ለድንቡሼ ልጅ ስጪው። አሻንጉሊቷን ጣያት፤ በአንድ ዓይን የምታይ አሻንጉሊት ማንንም አታስደስትም። የቀረውን ጨርቃ ጨርቅ ልጅሽ መኪና ይዞ ሲመጣ በጅምላ ይጫነው። ሳይጫን ግን አታራግፊው፤ አቧራው ለሳንባሽ አይሆንም።

ሣጥኑን ማን ክፈቺ አለሽ? አይ፣ እኔ አልነካሁትም። እኔ መርፌ መያዝ የማውቀው በሰው ክንድ ላይ ነው፤ ቁልፌን እንኳ የምትተክዪልኝ አንቺ ነበርሽ። ጨርቅ ሲቆይ ይለቃል፣ ክርም ይበሰብሳል። ዝጊውና እንዳለ ይሂድ። ያለፈ ነገር ማገላበጥ ሆድ ከማባባት በቀር ጥቅም የለውም።

እስከ ታኅሣሥ መጨረሻስ ለምን ትጠብቂያለሽ? በዚህ ሳምንት ልጅሽ ዘንድ ግቢ። በደንብ ብዪ። ውሃ ጠጪ። የኋለኛውን ክፍል በር ዝጊው፤ ቀን ቀንም ቢሆን ዝጊው።

እህትሽ

ኅዳር 8

እትዬ፣

ብዪ፣ ጠጪ ብለሻል፤ እበላለሁ፣ እጠጣለሁም። «ክር ይበሰብሳል» ብለሽ ለልብስ ሰፊ መጻፍሽ ግን ገርሞኛል። የበሰበሰ ክር ይበጠሳል እንጂ ተተርትሮ በአዲስ ክር አይዘመዘምም። የምታውቂው ነገር አለ። ስትዋሺ ምክር ታበዣለሽ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ እንዲሁ ነሽ።

ቀሚሱን አወጣሁት። በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። የአራት ዓመት ልጅ ቀሚስ አይደለም። የአንዲት ሙሉ ሴት ቀሚስ ነው። ደረቱ ላይ፣ መሀል ለመሀል፣ ያ ትንሹ ቢጫ ጨርቅ አለ፤ ከዚያ ወደ ጎንም ወደ ታችም በቅጥል ሰፍቷል። ቅጥሎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ይኼ የሳሎኑ የድሮ መጋረጃ ነው። ይኼ የትልቋ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው። ይኼ ለድንቡሼ ምርቃት ከሰፋሁት ሱሪ የተረፈ ነው። ጥቁሩ አባታቸው በሞተ ዓመት ለራሴ የሰፋሁት ነው። ጫፉ ላይ ያለው ወይን ጠጅ ሐር ደግሞ የባንኳ ሥራ አስኪያጅ ዘንድሮ በመስከረም ያመጣችው ነው። ስንዝር ጎድሏል ብላ ስትቆጣ «ልብስ ሰፊ ሁሉ ሌባ ነው ማለት ነው?» ብዬ ተጣልቻት፣ ምዬ ተገዝቼ ነበር። ስንዝሩ ይኸውና።

ከሁሉ የባሰብኝ ትከሻው ነው። የቀኙ ከግራው ዝቅ ተደርጎ ተስተካክሏል። ቦርሳ በአንድ ወገን እያንጠለጠሉ ያደጉ ልጆች ትከሻቸው እንዲያ ይሆናል፤ እንዲያ ያለ ደንበኛ ሲመጣ ልብሱን በሰውነቱ ላይ አድርገን፣ በስፒል ይዘን ነው የምናስተካክለው። ሰው ካልቆመ አይሆንም። ሚጢ ደግሞ ቦርሳ አንጠልጥላ አታውቅም።

ከዚያ ወደ ክፍሉ ገብቼ በሩን ከውስጥ ዘጋሁና ጀርባውን አየሁ፤ የልጆቹን ቁመት በእርሳስ የምናሰምርበትን። በግራ የትልቋ፣ በቀኝ የድንቡሼ፤ ሁለቱም አድገው እንቢ እስካሉበት ድረስ ይወጡና ይቆማሉ። መሀሉ የሚጢ ነው፤ ወገቤ ጋ ሳይደርስ የቀረው። አልቀረም። ወጥቷል። ደረቴን አልፎ፣ ትከሻዬን አልፎ፣ ከራሴ በላይ አንድ ጣት ያህል ሄዶ ነው የቆመው።

ድንቡሼ ትናንት ዕቃ ሊጭን መጥቶ መስመሩን አይቶታል። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ የሆነ ሰው የሚያሳልፍ ይመስል ከበሩ ገለል አለና «እማዬ፣ ዛሬውኑ እንሂድ» አለኝ። አልሄድም አልኩት። ፈራሁ እትዬ፤ አልዋሽሽም። ግን ፍርሃቱ የሚያስሮጥ ዓይነት አይደለም።

ሆድ ይፍጀው ብለሽ የያዝሽው ካለ አሁን አውጪው።

ታናሽሽ

ኅዳር 19

እህቴ፣

ድንቡሼም ደውሎልኝ ነበር፤ ምን እንዳለኝ አልነግርሽም። የጠየቅሽውን ግን እመልሳለሁ። ዝም ያልነው ብታውቂ ትጎጃለሽ ብለን ነው፤ ዛሬም ስጋቴ አልለቀቀኝም።

የሰፋሽው አንቺ ነሽ። ሌላ ማንም አይደለም።

ሚጢ ባረፈች በዓመቱ፣ በልደቷ ቀን፣ ከቁርስ በኋላ ሥራሽን ዘግተሽ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባሽ። ድምፅሽን ሰምተን እኔና ባልሽ በሩን ገርበብ አድርገን አየን። ስፒል በከንፈርሽ ይዘሽ፣ ተንበርክከሽ፣ «ቀጥ በይ፤ አትቁነጥነጪ፤ እስቲ ዙሪልኝ» ትያለሽ። ሜትርሽን በባዶ አየር ላይ ታዞሪያለሽ። ከዚያ እጥፉን ተረተርሽ፣ ዘመዘምሽ፣ በሩ ጀርባ ላይ አሰመርሽ፣ ሣጥኑን ዘጋሽ። ወጥተሽ «ምሳ ምን እንብላ?» አልሽን። አታስታውሺም ነበር። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። ከዚያም በኋላ በየዓመቱ።

እሠራበት በነበረው ሆስፒታል ያለ አንድ ሐኪም አማከርኩ፤ እስካልጎዳት ድረስ አትቀስቅሷት አለን። ባልሽም «በዓመት አንዲት ቀን ናት፤ ተዉላት» አለ፤ በዚያን ቀን ልጆቹን ይዞ ሽርሽር ይወጣ ነበር። ድንቡሼ ግን አንድ ዓመት አሞት ቤት ቀርቶ አይቶሻል። ዝም አይነቅዝም ብለን አለፍነው። እኔ ከሄድኩና ባልሽ ካረፈ በኋላ የቀረ መስሎኝ ነበር።

እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አልነበረም። ስንቱ ሲወለድና ስንቱ ሲሞት ያየሁ ሴት ነኝ፤ ያላየሁትን አየሁ አልልም።

ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና የቀረውንም ልጨምርልሽ። ከቤትሽ የወጣሁት ዝውውር ደርሶኝ ነው ብዬሽ ነበር። ዝውውሩን የጠየቅኩት እኔው ነኝ። አንድ ቀን ጠዋት ፎጣ ተሸክሜ በኮሪደሩ ሳልፍ ግድግዳውን ተጠግቼ ቆምኩ፤ ሰው ለማሳለፍ። ማንን? ማንም የለም። ቆሜ ሳስበው ለካ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እንደዚያ ሳደርግ ኖሬያለሁ። በዚያው ሳምንት ማመልከቻዬን አስገባሁ።

ቤቱን ሽጪውና ውጪ። ሌላ የምልሽ የለኝም።

እህትሽ

ኅዳር 28

እትዬ፣

አልተቀየምኩሽም፤ እሱን እያሰብሽ አትብሰልሰዪ። አንቺው ታመጪው አንቺው ታሮጪው የተባለው ለካ ለእኔ ነው። ስፌቱን ደግሜ አየሁት፤ እጁ የእኔ ነው። ግራኝ ስለሆንኩ ክር ስጨርስ ቋጠሮዬ ወደ ግራ ያጋድላል፤ እዚያም ወደ ግራ ያጋድላል።

ነገር ግን ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ሳይቆምልኝ ለክቼ አላውቅም። እጄ በባዶ አየር ላይ ሲዞር የኖረ ከሆነ ያን ትከሻ ከየት አመጣው? አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ አላየሽም እሺ። እኔ ግን ተንበርክኬ አጠገቧ ነበርኩ። ከሁለታችን የቀረበው ማን ነው?

ለአስተማሪዎቹ ቤቱ አይሸጥም ብያቸዋለሁ። ድንቡሼ አኩርፎኛል። ትልቋ በየቀኑ እየደወለች ለበሽተኛ መድኃኒት አወሳሰድ በምታስረዳበት ድምፅ ታናግረኛለች፤ ጧትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ። ሁለቱ ከዚህ ቤት ሲወጡ አልያዝኳቸውም፤ ልብሳቸውን ተኩሼ፣ ሻንጣቸውን ዘግቼ ሸኘኋቸው። ይህችኛዋ ግን አልሄደችም። እንዴት አድርጌ ጥያት ልሂድ? የሞተች ዕለት አፈር ውስጥ ጥያት ተመልሻለሁ። ሁለተኛ አልችልም።

ታናሽሽ

ታኅሣሥ 7

አንቺ ልጅ፣

አብደሻል አላልኩም። ያለችሽ ልጅሽ ከሆነች እሷን እኔ እቆጣታለሁ። ግን ስለ ትከሻው የጻፍሽው ከራሴ አልወጣ አለኝ፤ ስለዚህ ክርክሩን ልተውና አለች እንበል።

አለች እንበል። እንግዲህ ከራስሽ በላይ አንድ ጣት የረዘመች ሙሉ ሴት ናት። እህቷ ልጆች ወልዳ ቤትና ሥራ ታስተዳድራለች። ወንድሟ ከእሷ ያነሰው እንኳ አንቺን ሊጦር ደርሷል። እሷን ግን ከአሮጌ ዕቃ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠሽ፣ በዓመት አንድ ቀን ሜትር ታዞሪባታለሽ። መንገድ አታውቅ፣ ጓደኛ የላት። ልጄ ናት ካልሽ እንደ ልጅሽ ያዣት እንጂ። መቅረት የፈለገችው እሷ ናት ወይስ መሄድ እንደሚቻል የነገራት ሰው የለም? አንድ ቀን ጠይቀሻታል?

ከሌለችም ብትጠይቂ የሚጎድልብሽ የለም።

ብቻ በቀን ይሁን። በሩንም ክፈችው።

እህትሽ

ታኅሣሥ 18

እትዬ፣

«አንድ ቀን ጠይቀሻታል?» ብለሽኝ ነበር፤ ጠየቅኳት። ልንገርሽ።

መጀመሪያ ተናድጄብሽ ሰነበትኩ። ከዚያ ቀሚሱን የስፌት መኪናዬ ላይ አወጣሁት። ለካ ከሐሩ በታች አንዲት ትንሽ እጥፍ ትቼበት ኖሯል፤ ለከርሞ። እጥፍ የሚተወው ገና የሚያድግ ሰው ልብስ ላይ ነው። ቆረጥኩት። መቀሱ ሲያልፍበት ትልቋ ስትዳር ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ጠርዙን ዘመዘምኩ፣ በካውያ ተኮስኩት፣ የኋለኛው ክፍል በር ላይ ሰቀልኩት።

ከዚያ የመንገዱን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ረፋድ ነው፤ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ፊት ለፊት ያለው ብየዳ ቤት ይጮሃል። «ሚጢዬ» አልኳት፣ «አድገሻል። እኔ ይህን ቤት ልለቅ ነው። ወንድምሽ ዘንድ ጠባብ ነው፤ መምጣት ከፈለግሽ እንጣበባለን። በራስሽ መንገድ መሄድ ከፈለግሽ ደግሞ ሂጂ፤ እንደ ሌሎቹ መርቄ ነው የምሸኝሽ። አክስትሽ ብቻዋን ናት፤ ቤቷ ደረጃ የለውም።» አድራሻሽንም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ሰምታ «ከማን ጋር ነሽ?» አለችኝ። ከልጄ ጋር አልኳት። ስልክ መስሏት «ሰላም በይልኝ» አለች። አልኩላት።

ከዚያ የባንኳን ሴትዮ ልብስ ላደርስ ወጣሁ፤ ስለ ስንዝሩም ይቅርታ ጠየቅኳት። ስመለስ ቀሚሱ የለም። በር ከፍተሽ ሄደሽ ሌባ ወስዶት ነው በይኝ፤ ድንቡሼም ያለው ይህንኑ ነው። ካውያው ግን አለ። መኪናው አለ። ጠረጴዛው ላይ የተውኩት የወርቅ ሰዓቴ አለ። ያ ሁሉ ተቀምጦለት ቁርጥራጭ የተቀጠለበት ቀሚስ ብቻ የሚወስድ ሌባ እንዴት ያለ ነው?

ቤቱ ጭው ብሏል። ኮሪደሩን መሀል ለመሀል ሄድኩበት፤ የሚከለክለኝ የለም። ስንት ዓመት ብቻዬን ቀረሁ እያልኩ ሳማርር ብቻዬን አልነበርኩም፤ ብቻ መሆን ማለት ይህ ነው። ደስ ብሎኛል፤ ደግሞም ተቀይሜያለሁ። ቻው እንኳ አላለችኝም። ሁለቱም ሲሄዱ ዞረው አላዩኝም ነበር፤ ሦስተኛዋም ያው ናት። ለአስተማሪዎቹ ደውዬ ቤቱ ባዶ ነው፣ ግቡ አልኳቸው።

አሁን የያዘኝ ሌላ ጭንቀት ነው። አንቺ ዘንድ መምጫው ሩቅ ነው፤ መሀል ላይ መኪና መቀየሩ እኔን እንኳ ግራ ያጋባኛል። እሷ ደግሞ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ከመጣች አትደንግጪ፤ እሷንም አታስደንግጫት። ነርስነቱን ተይውና አክስት ሁኚላት። ካልመጣችም ታናሼ ሞኝ ናት ብለሽ በሆድሽ ያዢው። ከደረሰች ግን አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ፤ ደህና ገብታለች በይኝ። እናት ነኝና ሌላ አልፈልግም።

ታናሽሽ

ጥር 2

እህቴ፣

ጽሑፌ ቢጣመም ታገሺው። አልታመምኩም።

ቁልፉን አስረክበሽ ልጅሽ ዘንድ ግቢ፤ ወደ ኋላ የምታዪው ነገር የለም። ለልጆቹ ይህን ደብዳቤ አታሳዪያቸው፤ አሁን ደግሞ እኔን ነው ሐኪም ዘንድ የሚወስዱኝ። ቀሪውን በሌላ ጊዜ እንነጋገራለን፤ ለዛሬ ያልሽኝን አንድ መስመር ልጻፍልሽ።

ደህና ገብታለች። እግሯ እንዳይበርዳት ብዬ ነጠላ ጫማዬን አቅርቤላት ነበር፤ አልበቃትም። እግሯ ቁርጥ የአባቷ ነው።

እህትሽ